ቢቆም፣ ይቁም

ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። የመጀመሪያውን በመስከረም፦
«ለአንድ ወገን የሚሰጠው ብድር ለጊዜው ቢቆም።»
ሁለተኛውን ከጥምቀት ማግስት፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ፣
«ቢታሰብበት» አልኩ፣ ከቃል ሁሉ ለስላሳውን ፈልጌ።
ሦስተኛውን በመጋቢት። እሱንስ ያነበቡት መሰለኝ፤
በእርሳስ «ታይቷል» ብለው ከነመርፌው መለሱልኝ።

ታይቷል ማለት በእኛ ቤት
ዓይን አለን፣ እጅ የለንም ማለት።

መሥሪያ ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከወደቡ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፤
ጣና ከመስኮቴ ይውላል፣ እንደታጠበ ነጠላ ተሰቅሎ።
ከታች ጎባው ታንኳውን ያወጣል፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ
ደንገሉን በግንብ አስደግፎ ያቆመዋል፣ እንዲደርቅ።
ደንገል ውሃ ይጠጣል። ቀኑን ሙሉ ሲዋልበት ተቀዝፎ
ሳይታወቅ ይከብዳል፤ ይሰጥማል ተንሳፍፎ።

የእኛም ቤት እንዲያ ሆነ። ቆጣቢው አራት ሺህ ነፍስ፦
ዘበኛ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ሽንኩርት ቸርቻሪ፣ ቄስ።
ተበዳሪውስ? ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ቢስቡት ግን እንደ መረብ
ጫፉ ላይ የሚወጣው አንድ ነው፤ የአቶ ይበልጣል ቤተሰብ።
(አቶ ይበልጣል ሥራ አስኪያጃችን ናቸው።)
ያላለቀ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል፣ ብረቱ ዝናብ የሚጠጣ፤
የድሮው ብድር የሚከፈለው አዲስ ብድር ሲመጣ።

ሰኔ አሥራ አንድ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ደብዳቤ ከተቆጣጣሪው፤
አንድ ገጽ ተኩል። ከፈትኩት። የማውቀው ነገር ነው፣ ያው፦
ያው አንቀጽ፣ ያው ስም፣ ያው ቁጥር፣ ያው ስጋት፤
«ቢ» ግን የለችም፤ «ይ» ገብታ ከወንበሯ አስነሥታት።
«ቆ»ም ይህን አይታ፣ ጎንበስ ብላ «ቁ» ሆነች።
«ይቁም።» ትእዛዚቱ ይህቺው ነች።
«ከደረሰበት ቀን ጀምሮ አዲስ ብድር ሁሉ
ይቁም። ፈቃዱ የሚጸናው ሲፈጸም ነው፣ ሙሉ በሙሉ።»

ጠበቃ ተጠራ። እሱም አንብቦ፣ ጣቱን አሳረፈና
«‹ይ› ናት ጌታዬ» አለ፤ «ይግባኝ አለ። ግን መጀመሪያ ይፈጸምና።»
አቶ ይበልጣል መነጽራቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ።

ሥልጣን ጩኸት ይመስለኝ ነበር፣ ጠረጴዛ የሚመታ፤
ለካ እንዲህ ነው፣ ዝም ያለ፣ በአንድ ፊደል የሚረታ፣
ጨረጨራ ላይ እንዳለ መዝጊያ፣ ብረቱ ዝቅ ሲል በቀስታ
አባይን የሚያህል ነገር የሚያዘገየው ለአፍታ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም ጨርሶ።
ከሰዓት በኋላ እንጉዳይ መጣች፣ ፎርሟ ላይ ፊርማው ደርሶ፤
ለዓሣ ማቀዝቀዣ፣ አርባ ሺህ ብር፣ ዋስ ያላት፣ የጸደቀላት፣
«ዛሬ ነው ያላችሁኝ» አለች። «ይቁም» እሷንም አገኛት።
የእኔ ቃል ዓይን ነበረው፣ እጅ አጣ።
ይኸኛው እጅ አለው። እንጉዳይን ግን አላያትም።
ፎርሙን አጥፋ፣ ከመቀነቷ ሥር ከትታ፣ ደረጃውን ወረደች።
የዓሣ ሽታ ትንሽ ቆየ።

ማታ ስወጣ አንድ መንገደኛ ጎባውን ይለምናል፤
«ዘጌ አድርሰኝ፣ ነገ በማለዳ ቀብር አለብኝ» ይላል።
ጎባው ታንኳዋን በመዳፉ ዳበሰ፣ ጠጋ ብሎ አሸተተ፤
«ትድረቅ» አለ። ሰውየው ብዙ ተሟገተ።
ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔም ለማንም አልፈረድኩ።

ወደ ቢሮ ተመለስኩ። መብራት አበራሁ። ወረቀት ሳብኩ።
ይህኛው ወደ ተቆጣጣሪው ነው፤ አራተኛዬን ጻፍኩ፦
«ከትእዛዙ በፊት የጸደቀላቸው፣ ትንንሾቹ፣ እነ እንጉዳይ፣
ጉዳያቸው ቢታይ።»