ልብ ግዛ

አባቴ ይማም ዓሊ፣ ጥፋት ባጠፋሁ ቁጥር፣
ጆሮዬን ይቆነጥጥና፣ ደገፍ ብሎ ከአጥር፣
«ልብ ግዛ!» ይለኝ ነበር፣ «ልብ ግዛ ልጄ!»
ልብ ግን የት ይሸጣል? ባቲ ሰኞ ወርጄ፣
ግመል ተራ፣ ጨው ተራ፣ ፍየል ተራ ሄጄ፣
ሲሸጥ አላየሁም በወጣትነቴ፤
ይኸው ገዛሁ ዛሬ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ።

የክብሪት ቀፎ ታህላለች፣ ከግራ ትከሻዬ ሥር፣
ቆዳዬን ለብሳ ተኝታ፣ ሽቦዋን ሰዳ በደም ሥር፣
ከልቤ ጓዳ ድረስ ገብታ ታዳምጣለች፤
ልቤ መንገድ ከሳተ፣ እሷ ትመልሳለች።
«ስትመልሰው ግን» አለኝ ሐኪሙ፣ መነጽሩን አውልቆ፣
«በቅሎ ደረትህን እንደ ረገጠችህ ነው፣ ከሥሩ ነቅንቆ።
አትደንግጥ።»
ለእኔ ነው እንግዲህ፣ አትደንግጥ ማለቱ።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣
የስንቱን በር በየድሁ፣ እሳት በጣቴ ነዶ!
አሁን ብየዳ ክልክል ነው። ማሽኑ ሲያጓራ በቅርቤ፣
ያቺ ዕቃ ትሳሳታለች፣ የሳተ መስሏት ልቤ።
ስለዚህ ሸጋው ይበይዳል፣ ብረት ያስጨበጥሁት ልጅ፤
እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ዱካ ላይ፣ እንደ ሽማግሌ አማላጅ፣
«ኤሌክትሮዱን አትጫነው! እጅህን አላላ!» እላለሁ።
ሲበራ ፊቴን አዞራለሁ።

መጀመሪያ የመታችኝ ረቡዕ ማታ ነው፣ እጄን ልታጠብ ስል፣
ጦይባ ውሃ እያፈሰሰች፣ ጣቷ ጣቴን ነካ ሲል፣
ደረቴ ውስጥ መብረቅ ወደቀ።
ማንቆርቆሪያው ተገለበጠ፣ ውሃው እስከ ደጅ ዘለቀ።
ስነቃ ጣቶቿን ታያለች። «እኔንም ነዘረኝ» አለች።
ከዚያ ማታ ጀምሮ፣ ለሦስት ወር፣ ከአልጋችን መሐል
ትራስ አኖርሁ፤ እሷም አልወጣትም አንድ ቃል።

ጎረቤት ይመጣል፤ «አብሽር፣ ተርፈሃል፣ አልሐምዱሊላህ በል!»
እላለሁ። ከልቤ እላለሁ፣ አብሮኝ ከተወለደውም ከገዛሁትም እኩል።
ግን ማን ጠየቀኝ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳትመታኝ የመታች መስሎኝ፣
የገዛ በሬ ማጠፊያ ሲጥ ሲል፣ በርግጌ መንቃቴን ላብ አጥምቆኝ?
ሐረጎን ስንወጣ በሚኒባስ፣ ሰው ገደሉን ሲያይ በመስኮት፣
እኔ ልቤን መቁጠሬን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ደግሞ አንድ፣ ሁለት?
መዲና፣ ትንሿ ልጄ፣ ልትዘልብኝ ስትሮጥ፣
እጄን ዘርግቼ መከልከሌን፣ ቆማ እስክታፈጥ?
በር ሠሪ ነበርሁ እኔ፤ አሁን በር ሆንሁ፣ የተዘጋ።

በጥቅምት፣ አንድ ምሽት፣ መብራት ጠፋ። ከተማው ድፍን ጨለማ፤
የሸጋው ማሽን ጭጭ አለ፣ የውሻ ድምፅ ብቻ ተሰማ።
መዲና በዳበሳ መጣች። «አባ፣ ያንተስ ጠፋ ወይ?»
«የኔን መብራት ኃይል አያውቀውም።» «እስቲ ጆሮዬን አስጠግቼ ልይ?»
እጄ ሊነሣ ነበር። ተውሁት።
ጠባሳዬ ላይ ተለጠፈች፣ ትንፋሿን ሰማሁት።
«አይጮህም እኮ!»
«አይጮህም። ይጠብቃል።»
«ስንት ዓመት?»
«ስምንት ይላሉ፤ ከዚያ በሌላ ይቀየራል።»
ቆጠረች ጨለማው ውስጥ፣ እያንዳንዷን ጣት ደረቴ ላይ፤
«አሥራ አምስት እሆናለሁ ያኔ። አዲሳባ አብሬህ ልሂድ ወይ?»
ከወዲያ ጥግ ጦይባ ሳቀች።

ያን ሌሊት ትራሱን አንሥታ ከራሷ ሥር አደረገች፤
«ቢመታ» አለች፣ «ለሁለት ነው። የፊቱንም ቀምሼው የለ?»
መልስ ፈለግሁ፤ ምን መልስ አለ?
እጇ ሞቃት ነበር፣ ከባድ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል።

አሁንም እፈራለሁ። አሁንም ሐረጎ ላይ እቆጥራለሁ፤
አንዳንዴ ግን፣ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ ቁጥሩን እረሳዋለሁ።
አባቴ ግዛ ያለኝ የትኛውን እንደሆነ ገና አልገባኝም።

ዛሬ ጠዋት ያ የበራችን ማጠፊያ እንደ ልማዱ ጮኸ።
ብየዳ ነው የተከለከልሁት።
ዘይት መቀባት ማንም አልከለከለኝም።