ድምፅ ቆጠራ

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ድምፅ ቆጣሪ ነኝ እላለሁ፤
የአገሬ ሰው ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ዐውቃለሁ፦
«ለየትኛው ፓርቲ?»
ለማንም። ለሃሚልተን ማዘጋጃ ቤት ነው የምቆጥረው፤
ውሻም ይሁን ሞተር፣ በሌሊት ሰው ያስመረረው።

ኅዳር ነው፤ ማክሰኞ፤ ከምሽቱ አራት ተኩል ሲል
ከዴልፊን አልጋ አጠገብ ሳጥኔን ባለሦስት እግሩ ላይ ስሰቅል
እሷ በር ላይ ቆማለች፤ ጫማዋን ዱቄት ለብሶታል፤
ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃታል።
«ቅያሜ የለኝም» አለች።
«እንቅልፍም የለኝም።»

ከግድግዳው ወዲያ «ሁለተኛ ፈረቃ» ነው፣ መጠጥ ቤቱ፤
ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው እንደ ዕቁብ አዋጥቶ የገዛው፣ ሲሞት ባለቤቱ።
ትርፋችሁ ምንድን ነው ብትላቸው
የሚያሳዩህ ወንበር ነው።

ቁጥሩ ወጣ። ሃምሳ ሦስት። ሃምሳ ስድስት። ሃምሳ ስምንት።
ሕጉ ሃምሳ ይላል።
ሙዚቃ የለም፣ ጭፈራ የለም፤ የሽማግሌ ወሬ ነው፣
ስለ ሆኪ፣ ስለ ቲማቲም ችግኝ፣ ስለተቀየረ ጉልበት።

ጻፍኩ። ከዚያ ዞሬ ገባሁ፣ ልነግራቸው።
ሙዚቃ ማጫወቻውን ሸጠዋል፤ ወለሉን ምንጣፍ አልብሰዋል፤
ጣሪያውን በእንቁላል ካርቶን ለብጠው፣ የጓሮውን በር በምስማር መትተዋል።
የቀረ ቢኖር ሰው ነው።

ዝቮንኮ «ማን ነህ አንተ?» አለኝ፤
ማለት እንኳ አይደለም፣ ቃሉን ወረወረብኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ሲዳምጥ
ቀረበት ማዳመጥ።
«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል የእኛ ተረት፤
የእነዚህ ጆሮ ግን ፋብሪካው ውስጥ ቀረ፣ ጡረታም አልወጣለት።
የማይሰማ ሰው ይጮኻል፤ ራሱን ለመስማት ይሆናል፤
ወይም ያንን መዳመጫ አሁንም በጉሮሮው ሊበልጠው ይታገላል።

ማርጎ፣ ቀጂዋ፣ የሹክሹክታ ሳምንት ዐወጀች፤
በጠመኔ ጽፋ ሰሌዳ በር ላይ ሰቀለች።
ሰኞ ሁሉም አንሾካሾከ፤ ማንም ማንንም አልሰማ፤
«ምን አልክ?» የሚለውም በሹክሹክታ ነበርና።
ረቡዕ እያንዳንዱ ብርጭቆውን እያየ ጠጣ፤
ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ባዶ፤ ከመሳቢያው የመብራት ክፍያ ታጣ።
በዚያ ሳምንት ዴልፊን ተኛች።
እውነት ነው፤ እሱንም ጽፌዋለሁ።

የካቲት ላይ ነገሩ ከምክር ቤቱ ደረሰ፤
በድምፅ ሊዳኝ መጣ፣ በድምፅ የተከሰሰ።
ዴልፊን ተናገረች፤ ሊጥ እንደ መንካት ለስላሳ፦
«እንዲዘጋ አልፈልግም፤ ግን ሰው ነኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት የምነሣ።»
ከኋላ ረድፍ ዝቮንኮ «ምን አለች?» ብሎ ጮኸ።
ኤልዮ፣ አንድ ጆሮ የቀረው፣ «ዳቦ ልታመጣልን ነው!»
አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና።

ከዚያ ተቆጠረ። አሥራ አንድ እጅ፤
ከፊሉ ወደ ላይ፣ ከፊሉ ጭን ላይ ተቀምጦ።
ይህን ያህል ዓመት ስቆጥር
እንዲህ ጸጥ ያለ ድምፅ አልገጠመኝም።
ስድስት ለአምስት፦ ዘጠና ቀን ይራዘም፤ ከዚያ እንደገና ይታይ።

ዝቮንኮ አልሰማም። እጅጌዬን ያዘ፤ «ስንት ሰጡን?»
የከተማ ሠራተኛ ነኝ፤ ወገን የለኝም።
ዘጠኝ ጣቴን ዘረጋሁለት፣ ለዘጠና።
«ዘጠኝ ዓመት!» አለ። «ዘጠኝ ዓመት! እኔ ሰማንያ አራት ነኝ፤
ከዚያ ወዲያማ ዝምታ ለሁላችንም በሽ ነው!»

ቦርሳዬ ውስጥ ሳጥኑን ሳላጠፋው ኖሯል፤
ሰማንያ አንድ ብሎ መዝግቧል።
ሰውየውን አላረምኩትም።
ቁጥሩንም አላስገባሁም።