ካርድ ክፍል

ጅማ ሲዘንብ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ብቻ አይወርድም፤
መብራቱንም ይዞት ይሄዳል፣ "መጣሁ" እንኳን አይልም።
ሌሊት ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሆስፒታሉ ጨለመ፤
ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስሎ፣ በሦስተኛው አገገመ።

ሰርቨሩም ነቃ። ግን እንደ ጤነኛ ሰው አይደለም፤
ማታ የተኛበትን ስም ሲነቃ አላገኘውም።
ዜሮ የነበረው አንድ፣ አንድ የነበረው ሦስት፤
የላቦራቶሪው መልስ ሄደ ወደ መድኃኒት ቤት።
የአራስ ክፍሉ ጥያቄ የትም ሳይደርስ ቀረ፤
ስልኬ ከትራሴ ሥር ይንቀጠቀጥ ጀመረ።

ፈረንጅ አራዳ አንድ ያመሸ ባጃጅ አገኘሁ፤
"ወዴት ነሽ?" አለኝ። "ካርድ ክፍል" ብዬ ገባሁ።
"አሞሻል?"
"አይ፣ ካርዱን ነው ያመመው።" ሳቀ፤
ጭቃውን ለሁለት ሰንጥቆ ዝናቡ ውስጥ ጠለቀ።

ያም ካርድ ሾፌር አለው፤ አንድ እሱ፣ ስምንት ወረፋ፣
በየመስኮቱ የሚያስተናግድ፣ ማንም ማንንም ሳይጋፋ።
ለስምንቱም ስም ሰጥቷል። ስምንት ስም ላንድ አካል፤
ስሙም በመንቂያ ተራ ነው፤ ቀድሞ ያስነጠሰ ዜሮ ይባላል።
እንዲህ ያለ ስም፣ ስም አይደለም። የሠልፍ ቁጥር ነው፣
መብራት በሄደ ቁጥር ዝናብ የሚያጥበው።

በሩ ላይ አባ ቦራ ናቸው፤ ካፖርታቸው እርጥብ፣
ባትሪያቸው ጨለማውን ፊደል በፊደል የሚያነብ።
ቦራ ፈረሳቸው ነበር። እኔ ሳልወለድ ሞተ፤
ኮርቻውን ምስጥ በላው፤
ስሙ ግን ሰውዬው ላይ እንደ ተጫነ ሰነበተ።
እዚህ ድሮ እንዲህ ነበር፤ ሰው በፈረሱ ይጠራል፤
እናት አባት ያወጣው መዝገብ ላይ ይኖራል።

ባለፈው መጋቢት እኒሁ ሰው ታመው ካርድ አወጡ፤
ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።
"ሙዘሚል ከሊፋ!" ተጠራ። "ሙዘሚል ከሊፋ!" ዝም።
ሦስተኛ ጊዜ ተጠራ፤ የሚነሣ የለም።
ጸሐፊዋ ካርዱን ገልብጣ ጠራች ቀጣዩን፤
እሳቸው አጠገባቸው ላለው፦ "ምስኪን፣
ምን አግኝቶት ይሆን ይሄን ሙዘሚልን?"
እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቁ። ማንም አልዋሸም፤
ስሙ ልክ ነበር፣ ሰውዬው ግን በዚያ አይጠራም።

ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። ጣቶቼ በርዷቸዋል።
እዚህ ስም ሲወጣ ልክ አለው፤ ከአሥራ አምስት ፊደል አይበልጥም፤
ከነአባት፣ ከነአያት ተዘርዝሮ አይገባም።
መቼ እንደ ነቃ ተውኩት፤ የት እንደ ተቀመጠ ጠየቅኩ፤
ከኋላው ተንበርክኬ፣ በስልኬ ብርሃን ማስገቢያውን ቆጠርኩ፦
ሦስተኛው፣ በስተግራ። መብራት ቢሄድ ቢመጣ
ይህ ቦታ አይነሣም፤ ስሙም ከቦታው አይወጣ።
ስምንቱን ወረፋ ግን ስም ነሣሁ። መስኮት ሰው አይደለም፤
በሽተኛው በአንድ በር ይግባ፤
የትኛው መስኮት እንዳስተናገደው ባያውቅ ግድ የለም።

አንድ ብቻ ቀረ፦ ብረት የሌለው፣ ሽቦ የሌለው፣
አራስ ክፍሉን ከላቦራቶሪው በሐሳብ የሚያገናኘው።
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ስም ሲጠብቅ ቆየ።
"ቦራ" ብዬ ጻፍኩ።
ጠራሁት።
ሰከንድ ሺህ ቦታ ተከፍላ፣ ሦስቷ ሳታልቅ፣ "አቤት" አለ።

ሲነጋ አባ ቦራ "ዳነ ወይ?" አሉኝ።
"ዳነ" አልኩ። ሌላውን አልነገርኳቸውም፤
የሞተው ፈረስ ሌሊቱን የአንዲት አራስ ደም ውጤት ጭኖ
ከሕንፃ ሕንፃ እንደ ጋለበ፣ አንዴም እንዳልተደናቀፈ።
"እንግዲያው ጄኔሬተሩን አጥፊው" አሉ፣
"ናፍጣ በነፃ አይቀዳም።"