አፈሩን ገለባ

አዮዋ ውስጥ ናት፣ ኖርድሃይም የምትባል መንደር፤
አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ ፖስታ ቤት፣ አንድ ባር፤
ከዚያ ወዲያ በቆሎ ነው፤ በቆሎ እስከ ሰማይ ዳር።

ከበቆሎው መሐል፣ እንደ ደሴት ተነጥሎ፣
አንድ ያረጀ መቃብር አለ፣ በሽቦ አጥር ተከልሎ።
ማረሻ ደፍሮት አያውቅም፤ ሙታኑ ይጠብቁታል፤
መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሣሩ እንደ ጥንቱ ይበቅላል፤
ሥሩም ከሰው ቁመት በላይ ወደ ታች ይወርዳል።

ዶክተር ማሪት ኤልስታድ፣ አፈር ነው ትምህርቷ፤
ጥፍሯ ሥር ይታያል የሠላሳ ዓመት ሀብቷ።
ጤዛው ሳይረግፍ ደርሳ፣ ቀይና ነጭ ዘንጓን
ታስይዘኛለች፤ ከዚያ ትተክላለች ዓይኗን
በመነጽሩ ላይ።
እኔ ዘንግ ያዥ ነኝ፣ በሰዓት አሥራ ስምንት ዶላር፤
ሥራዬ አለመንቀሳቀስ፣ ከካስማ ጋር መፎካከር።

መጀመሪያ ከአጥሩ ውስጥ፣ ከሙታኑ ሣር ላይ ቆምኩ፤
ቀጥሎ ሽቦውን ተሻግሬ ወደ እርሻው ወረድኩ።
"ወረድኩ" ያልኩት ለቤት መምቻ አይደለም፤
እንደ ደረጃ ነው፤ ጉልበቴ አይዋሽም።

"ዘጠና አንድ ሳንቲ ሜትር" አለች።
እኔ በልቤ ለካሁት፦ አራት ስንዝር ከጋት።
ሁለቱ መሬት በአንድ ወቅት ትከሻ ለትከሻ ነበሩ፤
ያኛው ቀረ ከነክብሩ፣
ይኸኛው በየጎርፉ ሸሸ፣ በቦይ ወርዶ ወደ ወንዙ፣
ከወንዙም ወደ ባሕሩ።
አተላ መስሎ ሲጓዝ ማንም ቆሞ አልሸኘውም፤
የሄደ አፈር ተሳፋሪ ነው፣ የመመለሻ ቲኬት የለውም።

ዱዌይን ፍሬሪክስ በፒካፑ መጣ፣ እርሻውን የሚያርሰው።
"ስንት ወጣ?" ነገረችው። ባርኔጣውን አወለቀ፤
ለሙታኑ ይሁን ለቁጥሩ፣ ከእርሱ በቀር ማን ዐወቀ።
"አያቴ እዚያ ነው ያለው" አለ፣ በአገጩ አሳይቶ፤
"መሬቱን ግን ባንክ ሸጠው፣ አባቴን ዕዳ ረትቶ።
ፊኒክስ ለምትኖር ሴት ነው ኪራዩን የምልከው፤
ጭቃውን ረግጣ አታውቅም፣ ዋጋውን ነው የምታውቀው።
አሳርፈው ትይኛለሽ፤ ማሳረፉን ማን ይጠላል?
አንዱን ኤከር ጦም ባሳድር፣ ኪራዩ መቼ ጦም ያድራል?"

ማሪት መልስ አልነበራትም። ያላት ቁጥር ብቻ ነበር፤
ቁጥር ደግሞ አያርስም፣ አይዘራም፣ አይበደር።

ዕቃ ስንሰበስብ፣ አንዲት ትንሽ ድንጋይ አየሁ፣
ሽበት ያወጣች፣ ጎንበስ ያለች፤ ሣሩን ገልጬ አነበብኩ፦
"ኢንጋ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር።"
አፌ ቀደመኝ፤ ሳላስበው፣
"አፈሩን ገለባ ያድርግልሽ" አልኳት።

"ምን አልካት?" አለች ማሪት። ተረጎምኩላት፦ ለሞተ ሰው
ይባላል፤ አፈሩ እንዳይጫነው፣ እንደ ገለባ እንዲቀልለው።

አልሳቀችም። ዘወር ብላ ሜዳውን አየች።
የፒካፑ አቧራ፣ ከኋላው ጅራት አበጅቶ፣
ወደ ምሥራቅ ይነጉዳል፣ ነፋስ እንደ ከብት ነድቶት።
"ከአጥሩ ውስጥ ጸሎቱ አልሰመረም" አለች፤
"አፈሩ ከብዶ፣ ጠቁሮ፣ ተኝቷል።
ከአጥሩ ማዶ ግን ማን ጸልዮት ይሆን? ደርሶለታል።"

በሚያዝያ ተመልሰን መጣን።
አጥሩን ተጠግቶ፣ አሥራ ሁለት ትልም ያህል
ሳይታረስ ቀርቷል፤ ቀጭን ቡቃያ ለብሷል፤
ቅጠሉ የሙታኑን ሣር ቅጠል ይመስላል።
ዘሩን ማን እንደ ለቀመው፣ በየትኛው ማታ እንደ በተነው
አልጠየቅንም።
የኪራዩንም ነገር አላነሣንም።

"ዘጠና አንድ" አለች። ደግማ ለካች። "ዘጠና አንድ።"
"አልጨመረም!" አልኳት።
"የአንድ ዓመት ልኬት ማስረጃ አይሆንም፤ ዝም ብለህ ያዝ።"
ደብተሯ ላይ ግን ሁለቴ ጽፋዋለች፣ አጥብቃ፣
እስክሪብቶው ወደ ኋላው ገጽ እስኪያልፍ።
ከዚያ "ዘንጉ ተንቀሳቀሰ" ብላ ተቆጣችኝ።
ነፋሱ ነው አልኳት።