የኋላ ወንበር

ዓርብ ነው፣ ከጁምዓ መልስ፤ ከጋራዡ በር ላይ
ጥቁር መርሴዲስ ቆመች፣ ጣራዋ ላይ ሰማይ
ዝናብ አዝሎ ተኝቶ።
ነጂባ ወረደች፣ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ፦

«ቀጥ ባለው ጎዳና ንግሥት ነች፣ አልዋሽም፤
ኩርባ ላይ ግን ሰካራም፤ አካሏን አትይዝም።
ከሶኮሩ ወዲያ፣ ወደ ግቤ ቁልቁል
አባቴ ከኋላ፣ ከበር ወደ በር ሲንከባለል
በመስታወት አየሁት።
መያዣ ፍለጋ አየር ሲዳብስ፣ እጁን አየሁት።
አንድ ቃል አልወጣውም።
መንገድ ላይ ሆኖ እሱ አቤት ብሎ አያውቅም።»

አባ ኦሊ ነው ሰውየው። ሠላሳ አንድ ዓመት
ትሬንታ ኳትሮ ነድቷል፣ ቡና ጭኖ ሌሊት፣
ከአጋሮ እስከ አዲስ አበባ፣
ሸራ ያለበሰው ጆንያ ጠብታ ሳያስገባ።
አሁን ዓይኑን ስኳር በላው።
ልጁ ተበድራ በገዛችው የሀብታም መኪና
እንደ እንቁላል ከኋላ ወንበር አስቀመጠችው።

ጌታዬ ሙዘይን ነው። ከሰው ጋር ቁጥብ ነው፣
ከብረት ጋር ሲሆን ግን ወሬው ማለቂያ የለው።
የፊቱን መከላከያ በጉልበቱ ተጫነና ለቀቃት፤
ሦስት ጊዜ ሰገደች። ቆጠርንላት።
«አንዴ ነው የሚበቃት» አለ። በጀርባው ተኝቶ ገባ፤
ጎሚኒው ተሰነጣጥቋል፣ እንደ ገበሬ ተረከዝ በበጋ።

«ሞላው ይጠር፣ ይጠንክር፤ አሞርዛተሩም ይቀየር።
ግን እህቴ፣ ልናገር፤
ኩርባ የሚይዝ መኪና ጠጠር ያስቆጥራል፤
ምቾቱ ይቀንሳል። ሽማግሌው ይጎዳል።»

ዝም አለች። ቁልፉን ከጣት ጣት አዛወረች።
ያኔ የኋላዋ መስኮት በቀስታ ወረደች፤
«ባራዋንም አወፍራት» አለ ድምፅ ከውስጥ። «ቀጭን ነች።»

ሦስት ቀን ፈጀብን። ዝገት የበላውን ብሎን
ናፍጣ ስናጠጣ አደርን።
አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ ላይ ቱቦ ሰክቼ ስታገል
የጣቴ ቆዳ ሄደ፤
ሙዘይን «ይበቅላል» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል።
አዲሱ ሞላ ሲገባ ግን፣ ተጨምቆ፣ ተቆጥቶ፣
«ፊትህን አዙር» አለኝ። «ይኼ ካመለጠ አይምርም።»
ወደ አዌቱ አዞርኩ፣ ትንፋሼን ውጬ ቆየሁ፤
ቋ! ብሎ ቤቱ ሲገባ፣ ያኔ ነው እግሬን ያገኘሁ።

ሰኞ ጠዋት ለሙከራ ከፊት ተቀመጥኩ እኔ፣
የሚላላ ካለ ብዬ አሥራ ሰባት ቁልፍ ከጎኔ።
ቦዬን አለፍን፤ ረግረጉ ላይ ጉም።
የመጀመሪያው ኩርባ መጣ፤ ነጂባ ፍጥነት አልቀነሰችም፣
መኪናዋም አላዘነበለችም።
የውሃው ኮዳ እንኳ ከቦታው አልተላወሰ፤
ግን ከሥር ጠጠሩ ሁሉ እስከ ጥርሳችን ደረሰ።

«አባዬ፣ ጎዳሁህ?»
ዝም።
ዞሬ አየሁት። እጁ መያዣ አልፈለገም፣
ጉልበቱ ላይ ነው። ከንፈሩ ግን አላረፈም።
«የሰርቦ ድልድይ» አለ። «መጋጠሚያው ይኸው፣ ዛሬም አልጠገኑትም።
አሁን በግራ ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ያቺ ጉብታ፣
ሦስቴ አስፋልት ብትለብስም አመሏን…»
ሳይጨርስ ነካችን።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።
«ስድስት ወር ሙሉ» አለ፣ «ጥጥ ላይ አጋድማችሁ
የት እንዳለሁ ሳላውቅ ወሰዳችሁ፣ መለሳችሁ።
ሬሳ ነው እንዲህ የሚሄድ።»

ነጂባ መልስ አልሰጠችም። ጉሮሮዋ ሥር አንድ ነገር ወጣ፣ ወረደ።
ማርሹን ወደ ሁለት አወረደች፤ ጠባቡ ኩርባ መጣ።
«ፍሬኑን ልቀቂ» አለ ከኋላ፣ «ገና ነው… ገና… ስጫት!»
ሰጠቻት።
አራቱም እግር መሬት ነክሶ፣ በአንድ ሐሳብ ወጣ።

ሲመሽ ሙዘይን ደጃፍ ቆሞ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
«ኩርባውን ያዘች?» አለኝ።
ብዙ ልነግረው ነበር፤ አፌ ግን ሌላ ፈለገ፦
«የግራው ጎሚኒ ትንሽ ያንኳኳል» አልኩት።
ክሪኩን ሊያመጣ ዞረ።
ከኋላ ወንበር ድምፅ ተከተለው፦
«የግራው አይደለም። የቀኙ ነው።»