የሁለት ሰው ሂሳብ

አስራ አራተኛው ቀን፣ ከጮቄ ወገብ ላይ
ድንኳኔ ጠበቀኝ ደርቆ በአመዳይ።
ላጥፈው ብል እንቢ አለ፤ እንደ ቁርበት ቆሞ
እንደ ሰው አኮረፈ፣ መሄዴን አስቀድሞ
የሰማ ይመስል።
ጣቴን ከብብቴ ሸጉጬ አሙቄ
ካስማውን ነቀልኩት ከአፈር ፈልቅቄ።
ቁርሴ አንዲት ድንች ናት፤ ሌሊት አይጥ ቀምሷታል፤
የተረፈው ለእኔ፣ እሱም አልጫ ሆኗል።

ልጅ ሳለሁ ስፈዝ፣ ከደጅ ቆሜ ስቀር
«እንደ ጅብራ አትገተር!» ይሉኝ ነበር።
ስድብ መስሎኝ ኖርኩኝ። አሁን ግን ሳየው፣
ሌሊት ውርጭ ለብሶ ቀን ፀሐይ የሚያበስለው፣
ሳይሸሽ ሳይጠለል እዚያው የሚያድር ነው፤
መገተር ለካስ ሙያ ነው።

እንየው ይስቅ ነበር ይሄን ብነግረው።
ግን እሱ ተመልሷል፤ ስምንተኛው ቀን ነው።
በዲጓ ጽዮን በኩል፣ በኪራይ በቅሎ
ወረደ፤ ጉልበቱ እንደ ቅል አብጦ፣ ከንፈሩን ጥሎ።
አልተሰነባበትንም። ማታ ተጣልተን ነበር።
በምን? በጨው ነገር።
እሱ ከድንቹ ላይ ሁለቴ ቢነሰንስ
እኔ፣ ቆጣቢ ነኝ ባይ፣ ቆጥሬ ስወቅስ፣
«ስድስት ቀን ይቀራል!» አልኩት ጮክ ብዬ፤
ገደሉ መለሰው ደጋግሞ ከላዬ፦
ይቀራል… ይቀራል…
ገደል ነገር ያውቃል።
ጠዋት እንየው ቀረ፤
ድስቱን፣ ማንኪያውን፣ ጨውን፣ ከደጄ አኖረ።
ጨውን አልነካሁትም። ስድስት ቀን ሙሉ
አልጫ በላሁ እንጂ፣ ጨው ከነፌስታሉ
ከጀርባዬ አለ።

ቁልቁለት ያዝኩ። ጓሳው ጤዛውን አራግፎ
ካልሲዬን አራሰው ከጫማዬ አልፎ።
ከየድንጋዩ ስር የሚንጠፈጠፈው፣
ልጅ በአንድ እፍኙ የሚጨልጠው፣
ታች ወርዶ ጨሞጋ ይባላል፤ ድልድይ ይጠይቃል።
እኔን ታች ስወርድ ማን ብሎ ይጠራኛል?

ገብስ የሚያበራይ ሰው፣ አያ ትዛዙ ነኝ ያለ፣
መንሹን ተደግፎ አየኝ፣ ቆየ፣ ዝም አለ፤
ከዚያ፦ «ምን ጠፋብህ? በቅሎ ነው? ወይፈን?»
«የለም። ምንም።»
«አስራ አራት ቀን ሙሉ? ያለምንም?»
ሚስቱን ተጣራ፦ «ነይ እይ፤ ቤቱን ተሸክሞ
ያልጠፋ ይፈልጋል፣ ከተራራ ከርሞ!»
ቆሎ አፈሰልኝ። መልስ አልነበረኝም፤
እግሬ ያውቅ ይሆናል፤ እሱ ግን አይናገርም።

ረፋዱ ላይ ከሩቅ ቆርቆሮ ሲያበራ
ሞቶ የከረመው ስልክ ከኪሴ ተጣራ።
ሰላሳ መልእክት፤ ከእንየው አንድ የለም።
እኔስ ልኬለት ወይ? እኔም አልላኩም።

በመጀመሪያው ሳምንት ቀን እቆጥር ነበር፣
«ምን ያህል ቀረን?» እያልኩ በየሸንተረሩ ዳር።
ዛሬ ያልላላ የጫማ ክር አስራለሁ፤
ውሃ ሳይጠማኝ እቆማለሁ፣ እጠጣለሁ፤
መንገዱ እንዳያልቅ፣ እንደ ሌባ አዘግማለሁ።
ግን ቁልቁለት ቁልቁለት ነው። ሮብ ገበያ አለፈ፤
አስታው ባህር ዛፍ ሆነ፤ ኮብልስቶን ተነጠፈ።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ፤ ረዳት ይጮሃል፣
«ባህር ዳር! አንድ ሰው! አንድ ሰው ቀርቶናል!»
ከአጥሩ ጥግ አንድ ልጅ ሚዛኑን ዘርግቶ
«ኪሎ! ኪሎ!» ይላል ከጥላ ተጠግቶ።
ወጣሁበት፣ እንዳለሁ፣ ሻንጣዬን እንዳዘልኩ።
ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ እኔ ዝም አልኩ።
«ጋሼ፣ ወይ አውርደው፣ ወይ የሁለት ክፈል!»
ሊስትሮው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን ኮስተር ብሏል።

ላወርደው እጄን ሰደድኩ፤ ማንገቻው ላይ ቀረ።
ማንኪያው ከድስቱ ውስጥ ቅጭል ብሎ ተናገረ።
አስር ብር ሰጠሁት። «ልክ ነህ፣ ሁለት ነን» አልኩ፤
ከሚዛኑም ሳልወርድ ለእንየው ደወልኩ።

ሶስቴ ጠርቶ አነሳው። ሰላምታ የለም።
«ጨዉስ፣ ተረፈ?» አለ።
አልቀመስኩትም።