ሰባተኛዋ ዶቃ

ሌሊት ነው ዳማም ላይ፤ የባሕሩ ላቦት መስኮቱን ጋርዶታል፤
ውጭ ሠላሳ ስምንት፣ ከማቀዝቀዣው ውስጥ አራት ይነበባል።
ቢንዱ ጓንቷን ጥላ፣ «ደክሞኛል» ብላኝ፣ ወደ ቤቷ ሄደች፤
ሃያ ብልቃጥ ቀርቷል፣ አንድ ወንበር ቀርቷል፣
ሉባባም፣ እኔው ነኝ፣ ቀረች።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ለዓይን አይሞላም፤
ሃያ ሁለት ዶቃ አንድ ክር ላይ ተሰክቶ፣
የፕሮቲን ብጣሽ፣ ስም እንኳ የለውም፤
ከሴሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቫይረሱን ሊመክት ነው የተሠራው።
ብቻውን ሲላክ ግን
ቅርጽ የለው ውሃ ውስጥ፣ እንደ ተተረተረ የሹራብ ክር ያለ፣
ጫፉ ከወገቡ፣ ወገቡ ከጫፉ ሲማታ የዋለ፤
የደሙ ኢንዛይም መቀሱን ስሎ ነው የሚጠባበቀው፤
ሩብ ሰዓት አይሞላ፣ ቆራርጦ ሲያደቀው።

ስለዚህ ስኳር አሰርንበት።

ይቺን ቃል በስልክ ስል፣ ሐይቅ ያለች እናቴ ድንግጥ ትላለች፤
ስኳር ለሷ ማለት የጠዋት መርፌ ነው፣
አምና የተቆረጠች ትንሿ የእግር ጣት።
«እሱኑ ደግሞ ለበሽተኛ ትሰጫለሽ?» አለች።
«አይ እማ፣ ይሄኛው ሌላ ነው» አልኳት እንጂ
ምን ዓይነት ሌላ እንደሆነ የምልበት አማርኛ
ቶሎ አልመጣልኝም።

ሰባተኛዋ ዶቃ ላይ ስናንጠለጥለው
ክሩ ነፍስ ዘራ፤ እንደ ሐረግ ተጠምዝዞ ቆመ፤
መቀሱ ዞረው፣ ዞረው፣ መያዣ አጣና አዘገመ።
ቫይረሱ የበላውን ቀዳዳ ሰሃኑ ላይ ስቆጥር
ከመቶ አርባ ወርዶ ዘጠኝ ሆነ፤
ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ዘጠኝ ነበር።

ዐሥራ አንደኛዋ ላይስ?
ያው ስኳር፣ ያው ሚዛን፣ ያው የኔ እጅ ነው ያሰረው።
ያምራል። አይቆረጥም። ዕድሜው ይረዝማል።
ደጃፉ ላይ ቆሞ ግን መዝጊያውን አይነካም፤
ስኳሩ መዳፉ ላይ ተኝቶበታል።
ቫይረሱ አልፎት ገባ።
ዶክተር ሹሩቅ «ያልሠራውንም ጻፊ» ትላለች።
ጻፍኩት።

ከመግቢያ ካርዴ ጀርባ ኢቃማዬ ተሰክቷል፤
ከስሜ ሥር የከፊሌ ስም በደማቁ ተጽፏል።
ያለሱ ኬላውን አላልፍም፤ እዚያም መቀስ አለ።
ከሱም ጋር፣ አምና ሐምሌ፣ የእናቴ ጣት ሲቆረጥ
«የመውጫ ፈቃድሽ ገና ነው» ተብዬ
እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፤
ሙሉ ሰው፣ ደኅና ሰው፣ መዳፉ የተያዘ።

መታሰሩን አይደለም። የት ላይ? ነው የምለው።

ቢንዱ ትታልኝ የሄደችው ቢጫ ወረቀት ላይ
«ነገ ዐሥራ አራተኛዋን» ይላል፣ ከጎኑ ፈገግታ ስላ።
ብልቃጦቹን መለስኩ፤ በሩን ዘጋሁ፤ አራት ይላል።
ባሕሩን አሁንም መስኮቱ ላይ ያልበዋል።